ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ጂኦሎጂ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ያሉ ሐበሾች፣ አዲስ ገቢውም የቆየውም፣ ስለ ሳይንስ ትምህርት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፤ ከቀላሉ ወደ ጠጣሩ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምንድን ነው? ሳይንስስ በደንብ ያስተምራል?

የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። 60 ክሬዲት (የትምህርት መጠን መለኪያ) ገደማ ስትጨርሱ አሶሼት ዲግሪ ይሰጣችኋል። ከዚያ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርጋችሁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትቀጥላላችሁ፤ ቢያንስ ዕቅዱ እንደዚያ ነው። ፊዚካል ሳይንስ ሲባል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ጂኦሎጂና አስትሮኖሚ ማለት ነው። ባዮሎጂ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

«የሰነፍ ተማሪ ቦታ ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት። ስፔስ ሻትል የተባለውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በአዛዥነት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው አይሊን ኮሊንስ የመጀመሪያ ዲፕሎማዋን በ1976 ያገኘችው ኒውዮርክ ካለው ኮርኒንግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ የተማረችውም ሒሳብና ሳይንስ ነበር። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ በብዙ መቶ ተማሪ ፊት በትልቅ አዳራሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ላቡን (የላቦራቶሪውን ክፍል) ደግሞ የሚያስተምሩት ራሳቸው ገና የሚማሩ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ግን ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ላቡንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ስማችሁን ያውቃል። ይህ ነገር በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ ዋጋው ይታያችኋል።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል? የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም ነበር።

አይጠይቋችሁም። አብዛኞቹ ኮሌጆች ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወይም 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ይቀበላሉ። ኤስኤቲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የለም። የማትሪክ ውጤት አይቶ የሚመልሳችሁ ሰው የለም። ማመልከቻው ኦንላይን ነው፤ በብዙ ቦታም በነጻ ነው። የትምህርት ማስረጃችሁን ግን አትጣሉ፤ የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ለማግኘት ሁለተኛ ደረጃ መጨረሳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከጠፋና ከኢትዮጵያ ማስመጣት ካልተቻለ ጂኢዲ የሚባለውን ፈተና ወስዶ መተካት ይቻላል።

ስንት ይፈጃል?

እንደ ስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ለነዋሪዋ በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ታስከፍላለች። አራት ክሬዲት ያለው የፊዚክስ ክላስ እንግዲህ 184 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ በሚባለው ኮሌጅ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር አካባቢ ስለሚሄድ ያው ክላስ ወደ 800 ዶላር ይጠጋል። ሁለቱም ዋጋ ለስቴቱ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

ነዋሪ ለመባል ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዲቪ የመጣ ሰው አሌክሳንድሪያ ዘመዱ ቤት እንዳረፈ መንጃ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የታክስ ወረቀቱን በስሙ ማውጣት ይጀምር። ዓመቱ የሚቆጠረው በወረቀት ነው። ስቴት ቀይራችሁ ከሄዳችሁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ሥራ ተገኘ ተብሎ በየስድስት ወሩ ከተማ መቀያየር ለትምህርት አይመችም።

መጽሐፍን በተመለከተ ደግሞ፦ ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣቸው የኦፕንስታክስ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የአስትሮኖሚ መጻሕፍት በነጻ ይወርዳሉ፤ ብዙ መምህራንም የሚያስተምሩት በእነሱ ነው። ሌሎቹ ግን የቤት ሥራው የሚሠራበትን የኦንላይን ኮድ ያስገዛሉ፤ እሱ ያገለገለ አይገኝም። ክላስ ስትመርጡ ይህንንም እዩ።

ፋፍሳ (የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) መሙላት የሚችለው ማን ነው? ወላጆቼ አዲስ አበባ ናቸው።

ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ዋናው እርዳታ ፔል ግራንት ይባላል። አይመለስም፤ ብድር አይደለም። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ በብዙ ስቴቶች የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍም ይተርፋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ፔል አያገኝም፤ ግን አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው መንገድ አላቸው። ዋሽንግተን ስቴት ዋፍሳ የሚባል የራሷ ቅጽ አላት፤ ሲያትል ያላችሁ ጠይቁ።

የወላጆች ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ከሆነ፣ ካላገባችሁና ልጅ ከሌላችሁ፣ ወላጆቻችሁ የትም ይኑሩ የት ገቢያቸው ይጠየቃል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅ ያለ ቁጥሩ አካውንት ከፍቶ መፈረም ይችላል። በብር የሚያገኙት ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። አጎታችሁ ቤት ስለምትኖሩ የአጎታችሁን ገቢ አታስገቡ፤ ይህ ስህተት በየዓመቱ ስንቱን ከእርዳታ ያስወጣዋል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሳይንስ ይከብደኛል?

ከታሪክ ወይም ከሥነ ጽሑፍ ክላስ ያነሰ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱ አዲስ አይሆኑባችሁም። ሌላ ያልጠበቃችሁት ጥቅምም አለ። ክላሱ ውስጥ መለኪያው ሜትር፣ ኪሎግራምና ሴልሺየስ ነው። አሜሪካዊው ተማሪ በማይልና በፓውንድ አድጎ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲደናበር እናንተ ቤታችሁ ናችሁ።

የሚያስቸግረው በጽሑፍ የሚሰጠው ረጅም ጥያቄ ነው። ፈተና ላይ ቀመሩን እያወቃችሁ ጥያቄውን ለመረዳት ጊዜ ያልቅባችኋል። መፍትሔው ልምምድ ነው፤ ሌላ የለውም። የእንግሊዝኛ ክላስ እየወሰዳችሁ ጎን ለጎን ሒሳብ መጀመር በብዙ ኮሌጆች ይፈቀዳል፤ ሁሉንም እንግሊዝኛ ጨርሼ ልጀምር ብላችሁ ዓመት አታባክኑ።

ፕሮፌሰሩ ለተማሪ የመደበው የቢሮ ሰዓት አለ። ሂዱ። እኛን መምህር ፊት መቅረብ ይሉኝታ ያሲዘናል፤ «አላወቀም ይለኛል» እንላለን። እዚህ ግን የማይመጣው ተማሪ ነው ግድ የለውም የሚባለው።

ሒሳብ ከየት ልጀምር? ፊዚክስ ነው የምፈልገው፣ ሒሳቡን በኋላ እወስደዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ፊዚክስም ሆነ ከበድ ያለው ኬሚስትሪ የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው ሒሳብ ነው። ለሳይንስና ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚሰጠው ፊዚክስ ካልኩለስ አንድን አስቀድሞ ወይም አብሮ መውሰድ ይጠይቃል። ካልኩለስ አንድ ደግሞ ፕሪካልኩለስን ይጠይቃል። ፕሪካልኩለስ ከአልጀብራ ቀጥሎ ይመጣል። አንዱን ዘልሎ ሌላው ጋ መድረስ የለም።

እስቲ እንቁጠረው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ፕሪካልኩለስ፣ በሁለተኛው ካልኩለስ አንድ፣ በሦስተኛው ካልኩለስ ሁለትና ፊዚክስ አንድ፣ በአራተኛው ካልኩለስ ሦስትና ፊዚክስ ሁለት። ሁለት ዓመት አለቀ፤ ያውም አንድም ሳትወድቁ። ከዚህ ዝቅ ብሎ ከአልጀብራ የጀመረ ሰው አንድ ሴሚስተር ወይም ከዚያ በላይ ይጨምርበታል። ፊዚክስ ሁለት በአንዳንድ ትንንሽ ኮሌጆች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በስፕሪንግ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው ስፕሪንግ ትጠብቃላችሁ። «ሒሳቡን በኋላ» ያለ ሰው ሦስተኛ ዓመቱን እዚያው ኮሌጅ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምደባ ፈተና ካለ ሳታጠኑ አትቀመጡ። ብዙ ሰው ከዓመታት ሥራ በኋላ ድንገት ገብቶ ይፈተንና የሚያውቀውን ረስቶ ዝቅ ካለው ክላስ ይመደባል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ትሪጎኖሜትሪና ሎጋሪዝም መከለስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያተርፋል። አሁን አሁን ብዙ ስቴቶች በፈተና ፋንታ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን ወይም የተማሪውን ራስ ግምገማ ይጠቀማሉ። የካሊፎርኒያ ሕግ የሳይንስ ተማሪዎችን ወደ ካልኩለስ ቶሎ እንዲገቡ ይገፋል። ጥሩ ነው፤ ግን መሠረቱ የሌለው ሰው ካልኩለስ ውስጥ መስጠሙ አይቀርም። አብሮት የሚሰጥ የድጋፍ ክላስ ካለ ውሰዱት፤ ኩራት አይጠቅምም።

ዝርዝሩ ላይ ሦስት ዓይነት ፊዚክስ አየሁ። የቱ ነው የእኔ?

የመጀመሪያው ብዙ ሒሳብ የሌለበት ነው። ስሙ «ፊዚካል ሳይንስ» ወይም «ኮንሴፕችዋል ፊዚክስ» ይሆናል። የሳይንስ ክሬዲት ማሟላት ለሚፈልግ የቢዝነስ ወይም የአርት ተማሪ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ የሚሠራ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፒኤችዋይ 201 እና 202 ይባላል። ለባዮሎጂ፣ ለፋርማሲና ለሕክምና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛው በካልኩለስ የሚሠራው ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ 241 እና 242። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም ኢንጂነሪንግ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፉ) የሚያደርግ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። በካሊፎርኒያ ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በሦስት ሴሚስተር ይከፈላል።

ጓደኛ የወሰደውን መውሰድ የኛ ሰው ልማድ ነው። ጓደኛችሁ ነርሲንግ ከሆነና እናንተ ኢንጂነሪንግ ከሆናችሁ ግን የእሱ ፊዚክስ አይጠቅማችሁም። ዩኒቨርሲቲው አራቱን ክሬዲት ሊቀበል ይችላል፤ ሜጀራችሁ ግን በሌላው ዓይነት እንደገና ውሰዱ ይላል። በገንዘብም በጊዜም ትከስራላችሁ። ለኬሚስትሪም ያው ነው፤ ለነርሲንግ የሚሆነው የመግቢያ ኬሚስትሪ ሌላ፣ ለሳይንስ ሜጀር የሚሆነው ጄኔራል ኬሚስትሪ ሌላ።

ላብ ምን ይመስላል? ሀገር ቤት ላብ በሥዕል ነበር ያየነው።

አራት ክሬዲት ያለው ክላስ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ሰዓት ሌክቸርና ሦስት ሰዓት ላብ አለው። ላቡ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር ትመደባላችሁ። ኬሚስትሪ ከሆነ የዓይን መከላከያ መነጽርና እግር የሚሸፍን ጫማ ግዴታ ነው፤ በነጠላ ጫማ የመጣ ተማሪ ከበር ይመለሳል። በብዙ ክላሶች የተወሰኑ ላቦችን የቀረ ሰው ሌክቸሩን በኤ ቢያልፍም ክላሱን ይወድቃል። ሲላበሱ (የክላሱ ዕቅድና ደንብ) ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ዕቃውን መያዝ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። የሚከብደው ሪፖርቱ ነው። ሀገር ቤት ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ነበር ዋናው። እዚህ የስበት ፍጥነት ጭማሪን ለክታችሁ 9.8 ፋንታ 9.4 ብታገኙ ችግር የለም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ የመለኪያው ስህተት ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳት ነው ነጥብ የሚያስገኘው። ቁጥሩን አስተካክሎ 9.8 ብሎ መጻፍ ማጭበርበር ነው፤ መምህሩም ያውቃል።

አብሮ የለካ ሰው ውጤቱን መጋራት ይችላል፤ ጽሑፉን ግን አይችልም። «ለጓደኛዬ ልኬለት ነው» ማለት አያድንም። ላኪውም ተቀባዩም እኩል ይቀጣሉ። እኛ መረዳዳት ብለን የምናየውን ነገር እዚህ በጽሑፍ ክስ ያቀርቡበታል።

ሙሉ ጊዜ እየሠራሁ መማር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ግን ስሌቱን እወቁ። አንድ የፊዚክስ ክላስ ከላቡ ጋር በሳምንት ስድስት ሰዓት ግቢ ውስጥ ያስቀምጣችኋል። ለቤት ሥራና ለሪፖርት ሌላ ስምንት ሰዓት ያዙ። አርባ ሰዓት የሚሠራ ሰው አንድ የላብ ሳይንስና አንድ ሒሳብ ከያዘ ሞልቶለታል። ሁለት የላብ ሳይንስ ከካልኩለስ ጋር ከሙሉ ሥራ ጋር አይሄድም። በኡበር ሥራ ሰዓቱን ራሳችሁ ስለምትመርጡ ይመቻል፤ ለሌሊት ሺፍት ደግሞ የምሽትና የቅዳሜ ላብ ያላቸው ኮሌጆች አሉ።

12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ይባላል። ከዚያ በታች ከወሰዳችሁ ፔል ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ፤ በክሬዲቱ ልክ ተቆርጦ ይሰጣል። ስድስት ክሬዲት የያዘ ሰው ግማሹን ያገኛል። ለፔል ሲሉ አራት ክላስ ይዞ ሁለቱን ከመውደቅ ይህ በብዙ ይሻላል።

ጂኦሎጂና አስትሮኖሚ ቀላል ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

ሒሳባቸው ቀላል ነው። የሚታወሰው ግን ብዙ ነው፤ ጂኦሎጂ ላብ ላይ ድንጋይና ማዕድን በእጅ ይዞ መለየት ይጠየቃል። ለፊዚክስ ሜጀር እንደ ተጨማሪ ክላስ እንጂ በፊዚክስ ምትክ አይቆጠሩም።

ለኛ ሰው ግን ጂኦሎጂን በጣም እመክራለሁ። የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ አፋርን ታገኛላችሁ። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ሰሌዳዎች የሚለያዩበት ቦታ ነው፤ በየብስ ላይ ቆሞ ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ እምብዛም የለም። በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቋል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደርሷል። የክላስ ፕሮጀክት ርዕስ ምረጡ ስትባሉ አትጨነቁ።

ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የወሰድኩት ፊዚክስ ይቆጠርልኛል?

ሊቆጠር ይችላል። ኮሌጁ የውጭ ማስረጃን የሚገመግም ድርጅት ውጤት ይጠይቃል፤ ደብሊውኢኤስና ኢሲኢ የታወቁት ናቸው። ክላስ በክላስ የሚዘረዝረውን ግምገማ እዘዙ። ርካሹ «ዲግሪው ከባችለር ጋር እኩል ነው» ብቻ ይላል፤ ለክሬዲት አይረዳም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መምጣት አለበት። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል፤ መጀመሪያ ያንን ይጨርስ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ላብ ያልነበረው ፊዚክስ ላብ ባለው ምትክ አይያዝም። ደግሞ ካልኩለስ ከወሰዳችሁ አሥር ዓመት ካለፈ፣ ቢቆጠርላችሁም እንኳ ወደ ካልኩለስ ሁለት አትዝለሉ። በክሬዲቱ ፋንታ በፈተና ማሳየት የሚፈልግ ሰው ክሌፕ የሚባለውን ይሞክር፤ ለካልኩለስና ለኬሚስትሪ አለ፣ ለፊዚክስ የለም።

በሁለት ዓመቱ ዲግሪ ብቻ ሥራ አገኛለሁ?

በፊዚክስ አሶሼት ብቻ ቀጥተኛ ሥራ አለ ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። እሱ ለትራንስፈር የተሠራ ነው። ሥራ ቶሎ የሚፈልግ ሰው «አፕላይድ ሳይንስ» የሚባለውን አሶሼት ይመልከት፤ የላብ ቴክኒሽያን፣ የውሃ ማጣሪያ ኦፕሬተር፣ የራጅ ባለሙያ፣ የቺፕ ፋብሪካ ቴክኒሽያን ያደርጋል። ማናሳስ ቨርጂኒያ የማይክሮን ፋብሪካ አለ፤ ፊኒክስ አካባቢ ኢንቴልና ቲኤስኤምሲ አሉ፤ እዚያ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለዚሁ ያሠለጥናሉ። የዚህ ዲግሪ ችግሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲኬድ ብዙው ክሬዲት የማይቆጠር መሆኑ ነው። ገና ሲጀመር ነው መምረጥ ያለባችሁ።

ለነርሲንግ ብዬ ኬሚስትሪ ወስጄ ነበር። አሁን ፋርማሲ ወይም ሕክምና አሰብኩ።

የወሰዳችሁት የመግቢያ ኬሚስትሪ ከሆነ ለሁለቱም አይበቃም። ፋርማሲ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለትን፣ ከዚያ ኦርጋኒክ አንድና ሁለትን ይፈልጋል። ሳይንሱን ከወሰዳችሁ ስንት ዓመት እንዳለፈም እዩ። ብዙ የጤና ፕሮግራሞች ከአምስት፣ ከሰባት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰደ ሳይንስ አይቀበሉም። ልጅ ወልጄ፣ ሠርቼ ልመለስ ላለች እናት ይህ ከባድ ዜና ነው፤ ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት የምትገባበትን ፕሮግራም ሕግ ትጠይቅ።

ሕክምና ላይ ደግሞ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዋና ሳይንሶቹ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑ ይመርጣሉ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጄኔራል ኬሚስትሪን ወስዶ ኦርጋኒክን ዩኒቨርሲቲ መውሰድ ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ ነው።

ሚድተርም ወደቅኩ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክላስ ድሮፕ ማድረግ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ ትራንስክሪፕት ላይም አይታይም። ከዚያ በኋላ ያለው ዊዝድሮው ነው፤ ደብሊው ይጻፋል፤ ገንዘቡ አይመለስም። ቀኑን ሳያዩ ዝም ብሎ መቅረት ግን የከፋው ነው፤ ኤፍ ይሆናል። «ክላሱን ትቼዋለሁ» ማለትና በሲስተሙ ወጥቶ መተው የተለያዩ ናቸው።

አንድ ደብሊው ጂፒኤ አይነካም። ሲበዛ ግን የገንዘብ እርዳታውን ይነካል። በአብዛኛው ኮሌጅ ከያዛችሁት ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶውን ማለፍና ጂፒኤ 2.0 መያዝ ይጠበቅባችኋል፤ ደብሊው እንደ ተያዘና እንዳልታለፈ ይቆጠራል። ሒሳቡን ሠርታችሁ ወስኑ። እንደኔ ከሆነ ካልኩለስ አንድን በሲ ማይነስ ጎትቶ ከማለፍ ደብሊው ወስዶ በደንብ መድገም ይሻላል፤ ካልኩለስ ሁለት ይቅር አይልም።

አሶሼቱን ከጨረስኩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ?

ሁልጊዜ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው 60ውንም ክሬዲት ሊቀበል ይችላል፤ ሜጀሩ ግን የሚያየው ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተሟልተዋል ወይ የሚለውን ነው። ፊዚክስ ሁለትን ሳይጨርስ የተዛወረ ሰው የሦስተኛ ዓመቱን ሜካኒክስ መጀመር አይችልም። ያ ክላስ በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ ዓመት ሙሉ አለፈ። ሰንሰለቱን መሃል ላይ መቁረጥም አይመከርም፤ ፊዚክስ አንድን ኮሌጅ ወስዳችሁ ፊዚክስ ሁለትን ዩኒቨርሲቲ ብትወስዱ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ላይገጥም ይችላል።

ስለዚህ መድረሻውን መጀመሪያ ምረጡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ የትኛው ኮሌጅ ክላስ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ክላስ ጋር እንደሚተካካ ይናገራል፤ ሜሪላንድ አርትሲስ አላት፤ ቨርጂኒያም ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስድስት የዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች፣ ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ፣ መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ ቦታ በቅድሚያ ያረጋግጣሉ፤ ለአንዳንድ ሜጀሮች ግን አይሠራም። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አድቫንስ የሚባል የጋራ መንገድ አላቸው። አድቫይዘር የሚናገረውን በኢሜይል አስጽፉ። ሰው ይቀየራል፤ የተጻፈ ግን ይቀራል።

በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ነው የምማረው። የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ አለ። በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባችሁ፤ ከዚህ ውስጥ ኦንላይን ሊሆን የሚችለው ከአንድ ክላስ ወይም ከሦስት ክሬዲት አይበልጥም። ፊዚክስ ከበደኝ ብላችሁ ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ፈቃድ ሳታገኙ ክላስ ብትተዉና ከ12 ብትወርዱ ቪዛችሁ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለእናንተ ዊዝድሮው የውጤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሶሼት ከጨረሳችሁ በኋላ ኦፒቲ ተብሎ 12 ወር መሥራት ይፈቀዳል፤ ባችለር ስትጨርሱ ደግሞ እንደገና። ለሳይንስ ተማሪዎች የሚጨመረው 24 ወር ግን ለአሶሼት አይሰጥም፤ ከባችለር ጀምሮ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አሶሼቱ ላይ ሥራ ይዞ ሦስት ዓመት ያቅዳል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ሆኜ ሪሰርች መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ የሚያመለክተው ጥቂት ሰው ነው እንጂ። ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን አርኢዩ የሚባል የሰመር ፕሮግራም አለው፤ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ እየሠራችሁ ይከፈላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ማደሪያም ይሰጣል። የኢነርጂ ሚኒስቴር ደግሞ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ ሲሲአይ የሚባል ኢንተርንሺፕ አለው፤ በብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ነው። ሁለቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ጥገኝነት እየጠበቀ ላለ ሰው ያልተዘጋው የራሱ ኮሌጅ መምህር በር ነው፤ አንዳንዶቹ በትንሽ ገንዘብ ተማሪ ይዘው ይሠራሉ።

ማመልከቻው የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዩወሪና በፌብሩወሪ ነው። ሰው የሚያስበው ሜይ ሲደርስ ነው። ሁለት የድጋፍ ደብዳቤም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፕሮፌሰራችሁን በኖቬምበር ጠይቁ፤ ሲቪና የሠራችሁትን አንድ የላብ ሪፖርት አያይዙለት።